የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማት ጎንደር ላለ ተጫዋች ምን ይረባዋል?

ባለ_ጌም_ዞኑ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ አነስ ያለች ጌም ዞን አለችኝ። ፒኤስ ፎሮች (ፕሌይስቴሽን 4 የሚባለው የጌም ማሽን)፣ አንድ አዲሱ ፒኤስ ፋይቭ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ልጆቹ «የዓመቱ ምርጥ ጌም» ላይ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ሽልማቱ በገንዘብ የተገዛ ነው ይላል። ሌላው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ በስልኩ በቀጥታ ሲያይ ያድራል፤ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። እኔ መሃል ቆሜ ሒሳብ እሰበስባለሁ።

እስኪ እዚህ እንነጋገርበት። በየዓመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ የሚሰጠው ይህ ዘ ጌም አዋርድስ የሚባል ሽልማት ለእኛ ምን ይረባናል?

የራሴን ላስቀድም። ይጠቅማል ባይ ነኝ። የሚጠቅመው ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ ስለሚነግረን አይደለም። ምርጫ ስለሚያሳጥርልን ነው። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ብቻ በ2024 ከ18,000 በላይ ጌም ወጥቷል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አዲስ ትልቅ ጌም 70 ዶላር ነው፤ በብር አስሉት። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚያ ደግሞ መቶ ጊጋ ማውረድ አለ፤ መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። በዓመት የምገዛው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ቀድሞ የሚያጣራልኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ኢት ቴክስ ቱ የሚባለውን ጌም እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ። በ2021 የዓመቱ ምርጥ ሲባል እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች ማንም አያውቀውም ነበር። ሊፋቱ ያሉ ባልና ሚስት ትንንሽ አሻንጉሊት ሆነው መውጫ ሲፈልጉ ነው ታሪኩ። ሽልማቱን ባላይ ኖሮ ማን ይህን ይገዛል? ጌሙን ብቻህን መጫወት አትችልም፤ የግድ ሁለት ሰው ይላል። ለጌም ዞን ደግሞ ሁለት ጆይስቲክ ማለት ሁለት ደንበኛ ማለት ነው። እህትና ወንድም፣ እጮኛሞች፣ አባትና ልጅ ጭምር መጥተው ተጫውተውበታል። ከኳስ ሌላ ሰው ቁጭ የሚያደርግ ጌም ያገኘሁት ያኔ ነው።

እናንተስ?

ኮድ_ማራኪ

ጋሼ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ግን ያ ዝግጅት ሽልማት የተለጠፈበት ማስታወቂያ ነው።

ጄፍ ኪሊ በ2014 የጀመረው ይህ ዝግጅት ዛሬ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰዓቱን የሚበላው ገና ወደፊት የሚወጡ ጌሞች ትሬይለር (ማስተዋወቂያ ቪዲዮ) ነው። ከሽልማቶቹ ብዙዎቹ መድረክ ላይ እንኳ አይሰጡም፤ አቅራቢው ስማቸውን በጥድፊያ ጠርቶ ያልፋል። በ2023 ተሸላሚዎች ንግግራቸው ገና ሳይሞቅ ከፊት ለፊታቸው «እባክዎ ይጨርሱ» የሚል ጽሑፍ ይበራባቸው ነበር። የባልደርስ ጌት 3 ዳይሬክተር ስዌን ቪንኬ ጥሩር ለብሶ ወጥቶ፣ ጌሙ እየተሠራ ሳለ በሞት ስለተለያቸው ባልደረባቸው እየተናገረ ነበር። እሱም ጨርስ ተባለ። የዓመቱን ምርጥ ጌም የሠራ ሰው እኮ ነው!

ገንዘቡንም እንይ። የዚሁ አዘጋጅ የበጋ ዝግጅት በ2024 ለአንድ ደቂቃ ትሬይለር 250,000 ዶላር እንደሚያስከፍል ተዘግቧል። አየር ሰዓት የሚገዛው ኩባንያና ለሽልማት የሚታጨው ኩባንያ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ድምፁን የሚሰጡት ሌሎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን ሰርግ ደግሶ አጃቢውን ቲኬት እንደማስቆረጥ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ዋንጫ_በደጄ

እኔ የማውቀው የኳሱን ጌም፣ ፊፋን ነው። አሁን ኤፍሲ ብለውታል፤ ለእኔ ያው ፊፋ ነው። የጎንደር ጌም ዞን ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ እሱን እየተጫወተ፣ ተሸናፊ እየከፈለ፣ የዓመቱ ምርጥ ውስጥ ስሙ እንኳ አይጠራም። ታዲያ የማን ምርጥ ነው?

ፋሲል ከነማ በእኛ 2013 ሊጉን ሲበላ ነጥብ ተቆጥሮ ነው። ኮሚቴ ተሰብስቦ «አጨዋወቱ ደስ ይላል» ብሎ አልሰጠውም።

ሰብለ_ፒክስል

ሃሃሃ ዋንጫ፣ ኤፍሲ እኮ ይሸለማል። የስፖርትና የመኪና ውድድር ዘርፍ የሚባል አለ፤ በ2024 ኤፍሲ 25 ወስዶታል። አንተ ራስህ ሽልማቱን ስለማትከታተል ነው ያልሰማኸው።

የዓመቱ ምርጥ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። ካለፈው ዓመት ጌም ምን ያህል ተለየ? ማልያው፣ ዝውውሩ፣ ትንሽ የአጨዋወት ለውጥ። እንዲያውም አንተ ነህ በየዓመቱ «ያው ነው፣ በሉን» እያልክ የምትጮኸው።

ዋንጫ_በደጄ

እሱስ እውነትሽን ነው። ግን እጫወተዋለሁ 😂

ሕዝብ_ይምረጥ

ችግሩ ያለው ዳኞቹ ላይ ነው። ዘ ጌም አዋርድስ ላይ 90 ከመቶ የሚወስነው የሚዲያ ዳኞች ድምፅ ነው። ተጫዋቹ 10 ከመቶ ብቻ። ለምን ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ አይተዉትም? ጎልደን ጆይስቲክ የሚባለው የእንግሊዞቹ ሽልማት ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዋናውን የሚወስነው ሕዝብ ነው። አርባ ዓመት ሠርቷል እኮ።

ኮድ_ማራኪ

ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ዳኞቹን ብዙም አላምንም፤ የሕዝብ ድምፅ የሚያመጣውን ግን በ2023 የስቲም ሽልማት አይተናል። «ከወጣ በኋላም ሠሪዎቹ በፍቅር የሚንከባከቡት ጌም» የሚል ዘርፍ አለ። ማን አሸነፈ? ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2! ሠሪው ሮክስታር የኦንላይን ክፍሉን ትቶ ከሄደ በኋላ። ሰው ለቀልድ ይሁን ለብሽቀት ድምፁን ሰጠ። «በአጨዋወት አዲስ ነገር ያመጣ» የሚለውን ደግሞ ስታርፊልድ ወሰደ። ስታርፊልድን የተጫወተ ሰው ይፍረድ።

ሕዝብ ሲመርጥ የሚያሸንፈው ብዙ የተሸጠው ነው፣ ወይ ብዙ የተቀለደበት። ጥቂት ሰው የተጫወተው ግሩም ጌም እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሕዝብ_ይምረጥ

ስለዚህ አንተ ዳኛም አትፈልግም፣ ሕዝብም አትፈልግም። ምንድን ነው የምትፈልገው?

ኮድ_ማራኪ

ፈተናዬን ማለፍ።

አዘዞ_99

ሁላችሁም አሸናፊው ላይ ተጣብቃችኋል። እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ጎንደር ውስጥ ስንት ሰው ፒኤስ ፋይቭ አለው? አብዛኛው ቤት ያለው ፒኤስ ፎር ነው፤ እሱም ከሰው እጅ የተገዛ።

አሁን የአሸናፊዎቹን ዝርዝር እዩት። በ2023 ባልደርስ ጌት 3። በ2024 አስትሮ ቦት። በ2025 ክሌር ኦብስኩር፡ ኤክስፔዲሽን 33። ሦስቱም ፒኤስ ፎር ላይ የሉም። ፒኤስ ፎር ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የዓመቱ ምርጥ የ2022ቱ ኤልደን ሪንግ ነው። ስለዚህ የዘንድሮን ሽልማት ማየት ለእኛ የሰው ሰርግ ከአጥር ውጪ እንደ ማየት ነው አልልም፤ ግን እጃችን ላይ የሚገባ ነገር የለውም።

ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ሌላ ነው። 2015 ዊቸር 3። 2018 ጎድ ኦቭ ዋር። 2019 ሴኪሮ። 2020 ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት። 2021 ጋሼ ያሉት። ሁሉም ፒኤስ ፎር ላይ አሉ። ዲስካቸው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ዋጋቸው ወርዷል፣ ብልሽታቸው ተስተካክሏል። ለእኔ የሽልማቱ ጥቅም ሲቆይ ነው የሚታየው። የዘንድሮው አሸናፊ የእኔ የሚሆነው ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም ዝርዝሩ አይጠፋም።

እንዲያውም በ2023 እዚህ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ባልደርስ ጌት 3 ማሸነፉን የሰማሁት ከርሞ ነው። ምንም አልቀረብኝም።

ባለ_ጌም_ዞኑ

አዘዞ፣ ይህን ነገር በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም። ፒኤስ ፋይቩን የገዛሁት ልጆቹ ኤፍሲን በጥሩ ጥራት እንዲጫወቱ ብዬ ነው፤ ፒኤስ ፎሮቹ ላይ ግን አሮጌ አሸናፊ መጫን ያዋጣል።

አንድ ችግር ብቻ። ረጅም የታሪክ ጌም ለጌም ዞን አይመችም። በሰዓት የሚከፍል ልጅ ዊቸር 3ን ጀምሮ መቼ ይጨርሰዋል? ያስቀመጠበትን ሌላው ይደርብበታል፣ ጠብ ይነሳል። ሴኪሮን ደግሞ አንድ ልጅ ሞክሮት፣ የመጀመሪያው አለቃ (ከባዱ ጠላት) ደጋግሞ ሲገድለው ጆይስቲኬን ሊወረውር ነበር። ዳኞቹ ስለ ጆይስቲክ ዋጋ ግድ የላቸውም።

የሁለት_ልጆች_አባት

ይቅርታ፣ እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ «አባዬ ይህ ተሸልሟል» እያለ ግዛልኝ ይለኛል። መሸለሙ ለልጅ ይሆናል ማለት ነው?

ሰብለ_ፒክስል

አይደለም ጋሼ። በፍጹም እንዳይሸወዱ። ዘ ላስት ኦቭ አስም፣ ጎድ ኦቭ ዋርም የዓመቱ ምርጥ ተብለዋል፤ ሁለቱም ደም በደም ናቸው፣ ለአዋቂ ነው የተሠሩት። ሽልማት ስለ ዕድሜ ምንም አይናገርም። ዕድሜው ሽፋኑ ላይ በቁጥር ይጻፋል፤ እሱን ይዩ።

ለልጅ ከሆነ የቤተሰብ ጌም የሚል ለብቻው ዘርፍ አለ። ኢት ቴክስ ቱም አስትሮ ቦትም ከዋናው ሽልማት ጋር ይህንንም ወስደዋል። አስትሮ ቦት ትንሽ ሮቦት እየዘለለች የምትሄድበት ነው፤ አዋቂም ይስቃል። ኢት ቴክስ ቱ ግን ስለ ፍቺ ነው የሚያወራው። አብረውት ቁጭ ብለው ቢጫወቱ ጥሩ ነው።

የሁለት_ልጆች_አባት

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔ ጆይስቲኩን መያዝ አልችልም እንጂ።

ሰብለ_ፒክስል

ልጅዎ ያስተምርዎታል 😊

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ፤ ከላይ ያላችሁት ሁሉ የተጫዋቹን ጎን ነው። እኔ ማታ ማታ የስልክ ጌም እሠራለሁ። ገና አልወጣም፣ ስሙንም አልናገርም። ከሠሪ ወንበር ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው።

ትንሽ ሠሪን የሚገድለው መጥፎ ጌም መሥራት ሳይሆን አለመታየት ነው። ጋሼ 18,000 ያሉት ቁጥር ለእናንተ ምርጫ ነው፤ ለእኔ መቃብር ነው። እዚያ ውስጥ ነው ጌሜ የሚገባው።

ባላትሮን እዩ። ሎካል ተንክ በሚል የብዕር ስም ራሱን የሰወረ አንድ ካናዳዊ ብቻውን የሠራው የመጫወቻ ካርታ ጌም ነው። በ2024 ከእነ አስትሮ ቦት ጋር እኩል ለዓመቱ ምርጥ ታጨ። ዋናውን አላገኘም፤ ግን የነጻ ሠሪዎችን (ትልቅ ኩባንያ ከኋላቸው የሌለ)፣ የመጀመሪያ ሥራን እና የስልክ ጌምን ሦስት ሽልማት ወሰደ። ስልክ ላይ ይሠራል። ትንሽ ነው፣ ዳታ አይበላም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪ እስካለ ትጫወታለህ። ካርታ የሚወድ ሰው አንድ ጊዜ ከጀመረው ሌሊቱን አይተኛም። አሁን ንገሩኝ፣ ሽልማት ባይኖር ይህ ጌም ጎንደር እንዴት ይደርስ ነበር?

በ2025 ያሸነፈው ኤክስፔዲሽን 33ም ከሞንፔሊዬ፣ ፈረንሳይ የመጣ የአዲስ ስቱዲዮ የመጀመሪያ ሥራ ነው። በአንድ ሌሊት ዘጠኝ ሽልማት ወሰደ። ከዚህ በፊት ክብረ ወሰኑ የዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት ሰባት ነበር።

እኛም ጋ አለ። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ፣ ዶሮዋ ከገበሬው የምታመልጥበት ጌም፣ የአፕስ አፍሪካን ሽልማት አግኝቷል። ያን ዜና ሳነብ ነው «ይቻላል ማለት ነው» ያልኩት። ከዚያ በፊት ጌም መሥራት የጃፓንና የአሜሪካ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለቤተሰቤም ምን እንደምሠራ ማስረዳት የቻልኩት ያን ዜና አሳይቼ ነው።

ኮድ_ማራኪ

እህቴ፣ በርቺ። ጌምሽ ሲወጣ የመጀመሪያው አውራጅ እኔ ነኝ።

ግን ሽልማት ሠሪን ያድናል የሚለውን አልቀበልም። ሃይ-ፋይ ረሽን አስታውሺ። በ2023 ዘ ጌም አዋርድስ ላይ የምርጥ ድምፅ ሥራ ሽልማት ወሰደ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ባፍታ የሚባለው የእንግሊዞቹ ሽልማት በአኒሜሽን ሸለመው። ግንቦት ሳይጋመስ ማይክሮሶፍት የሠራውን ስቱዲዮ ታንጎ ጌምወርክስን እዘጋለሁ አለ። ዋንጫው መደርደሪያ ላይ ገና አቧራ አልያዘም እኮ!

«ነጻ ሠሪ» የሚለውም ዘርፍ ቀልድ ነው። በ2023 ዴቭ ዘ ዳይቨር እዚያ ውስጥ ታጭቶ ነበር። የሠራው ቡድን የኔክሰን ነው። ኔክሰን ከደቡብ ኮሪያ ትልልቅ የጌም ኩባንያዎች አንዱ ነው። ሥዕሉ እንደ ድሮ ጌም በፒክስል (በትንንሽ ካሬ ነጥብ) ስለሆነ ነጻ መሰላቸው መሰለኝ። አንቺ ማታ ማታ ብቻሽን የምትሠሪው ከእነዚህ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የምትወዳደሪው።

ሰብለ_ፒክስል

የዴቭ ዘ ዳይቨሩን ተቀብያለሁ። እኔንም አናዶኛል።

የታንጎን ግን እስከ መጨረሻው ንገረው እንጂ። ነሐሴ ላይ ክራፍተን የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ስቱዲዮውንም ሃይ-ፋይ ረሽንም ወሰደው። ሽልማቱ ብቻውን አዳነው አልልም። ግን ስሙን ማንም የማያውቀው ስቱዲዮ ሲዘጋ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ያኔ ዓለም ሁሉ «የተሸለመውን?» ብሎ ነው የጮኸው።

ሌላ ደግሞ፣ ሁላችሁም አንዱን ሽልማት ብቻ እያወራችሁ ነው። ዘ ጌም አዋርድስ ጩኸቱ በዛ እንጂ ብቻውን አይደለም። ሠሪዎች ራሳቸው ለሠሪ የሚሰጡት የጌም ዴቨሎፐርስ ቾይስ ሽልማት ከ2001 ጀምሮ አለ። ዳይስም አለ፣ እሱም በሙያው ሰዎች ድምፅ ነው። የነጻ ሠሪዎች ፌስቲቫል አለ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። እኔ ለመማር የማየው እነዚህን ነው፤ በተለይ የታጩትን ሙሉ ዝርዝር። አንድ ጌም ሁለት ሦስቱ ዝርዝር ውስጥ ከገባ እጫወተዋለሁ። ዋንጫው ማን ጋ ገባ የሚለው ብዙም አያስጨንቀኝም።

አዘዞ_99

ይህ የእኔም ዘዴ ነው! አሸናፊ አንድ ነው፤ የታጩት ግን በየዘርፉ አምስት ስድስት ናቸው። ለእኔ ፒኤስ ፎር የሚሆነው የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ባላትሮ ራሱ ፒኤስ ፎር ላይ አለ፤ ዋናውን ብቻ የሚያይ ሰው ያልፈዋል።

ሕዝብ_ይምረጥ

ለምን የራሳችንን አንሸልምም? «የጎንደር ጌም ሽልማት»። ከጥምቀት በኋላ፣ ከተማው ሰከን ሲል። ጌም ዞኖቹ ይስማሙ፣ ልጆቹ ድምፅ ይስጡ።

ዋንጫ_በደጄ

ውጤቱን አሁን ልንገርህ። ፊፋ፣ ፊፋ፣ ፊፋ። አራተኛ ሌላው የኳስ ጌም፣ ፔስ።

ኮድ_ማራኪ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋንጫ ጋር ተስማማሁ።

ባለ_ጌም_ዞኑ

እኔ ሽልማት አላዘጋጅም፣ ይቅርብኝ። ዋንጫ ማን ይገዛል? የተሸነፈው ጌም ዞን ደግሞ ከእኔ ጋር ሊኳረፍ ነው።

የማደርገው ይህን ነው። በየዓመቱ ከታጩት ውስጥ ፒኤስ ፎር ላይ የሚሠሩትን፣ ዋጋቸው የወረደውን፣ አጭር ወይም ለሁለት ሰው የሚሆነውን እመርጣለሁ። አዘዞ ዝርዝሩን ያውጣልኝ፤ እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰብለ ለልጆች የሚሆነውን ትለይልኝ። አንዱ ማሽን ላይ ኳስ አይጫንም፣ እነዚያ ብቻ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በነጻ፤ ካልወደድከው ወደ ኳስህ ትመለሳለህ። ኮድ ማራኪም ፈተናህን ስትጨርስ ና፤ ማስታወቂያ ሳይሆን ጌሙን አይተህ ፍረድ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በኢት ቴክስ ቱ እንጀምራለን። መብራት ካለ።

አዘዞ_99

ዝርዝሩን ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። ባላትሮንም ጫነው፣ ካርታ የሚወዱ ሰዎች ይመጡልሃል።

ዋንጫ_በደጄ

ኳስ የማይጫንበት ማሽን?! ጋሼ ቆይ፣ ይህ ነገር በድምፅ ይወሰን።

የሁለት_ልጆች_አባት

ልጄን ይዤ ልምጣ? ባለፈው ስናልፍ የአንዱ ጆይስቲክ ግራ ቁልፍ አይሠራም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተሠርቷል?